ልጆች በሚያድጉበት ቤት ንባብን ስለ መጠበቅ

በአሶሳ ከተማና በዙሪያዋ የምትኖሩ፥ ፊደል የቆጠራችሁና ልጆች የምታሳድጉ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ስለ ንባብ በተነጋገርን ቁጥር ከአፋችን የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ ይኸውም «ጊዜ የለኝም» የሚለው ነው። ቃሉ ሐሰት አይደለም። ሰኞ ማለዳ ልጆችን አጥቦና አብልቶ ወደ ትምህርት ቤት መስደድ አለ፤ ማክሰኞ ሕፃኑን ያተኩሰዋል፤ በመካከል ልቅሶና እድር ይመጣል፤ የገበያ ቀን ይደርሳል፤ ክረምት ሲገባም ልብሱ አልደርቅ ይላል፥ መብራቱም ይጠፋል። ሳምንቱ ሲያልቅ መጽሐፉ በተቀመጠበት አቧራ ለብሶ ይገኛል። እኔም ይህን ቃል ለብዙ ዘመን ተናግሬአለሁ፤ ያስከፈለኝን ዋጋ ግን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የበኵር ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለ፥ አንድ ማታ የአማርኛ መጽሐፉን ይዞ በአጠገቤ ተቀመጠና ትምህርቱን ጮክ ብሎ ያነብብ ጀመር። ቃሉ እንደ ውኃ ይፈስ ነበርና ደስ አለኝ። ታናሽ እኅቱ ግን ስትጫወት ሁለት ቅጠል ገለበጠችበት፤ እርሱም ሳያቋርጥ ያንኑ ትምህርት እስከ መጨረሻው ተናገረ። መጽሐፉን ተቀብዬ ጣቴን በአንዲት ቃል ላይ አኖርሁና «ይህ ምን ይላል?» አልሁት። ዝም አለ፤ ዓይኑም እንባ ሞላ። ልጄ ትምህርቱን በጆሮው ያዘው እንጂ በዓይኑ አላነበበውም ነበር። እኔ የሌላውን ሰው ልጆች ፊደል ሳስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የገዛ ልጄ ግን በቤቱ መጽሐፍ ይዤ የተቀመጥሁበትን ማታ አያስታውስም ነበር።

ይህ የአንድ ቤት ነውር ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች የታናናሽ ተማሪዎች ንባብ በተፈተነ ጊዜ፥ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶው ያህል ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም። ትልልቆችም ከዚህ አናመልጥም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ፊደል አስቈጠረ፤ ስለዚህም አገራችን በ1980 በፈረንጆች አቈጣጠር በዩኔስኮ በኩል ተሸለመች። ነገር ግን የሚነበብ ጽሑፍ ባልደረሰበት ስፍራ ከተማሩት ብዙዎች ፊደሉን መልሰው ረሱት። ፊደል እንደ ማረሻ ነው፤ ቢያርሱበት ያበራል፥ ቢያስቀምጡት ይዝጋል።

እንግዲህ ስሕተታችን ወዴት ነው? ረጅምና ጸጥ ያለ ሰዓት እስኪመጣ መጠበቃችን ነው። ልጆች ባሉበት ቤት እንዲህ ያለ ሰዓት አይመጣም። በሐዋርያት ሥራ 8ኛ ምዕራፍ የተነገረለትን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ እናስብ። የንግሥቲቱ የህንደኬ ገንዘብ ሁሉ በእጁ የነበረ ባለ ብዙ ሥራ ሹም ነው። እርሱ ግን ቤቱ እስኪገባና ሥራው እስኪያልቅ አልቆየም፤ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ የመንገዱን ጊዜ ለነቢዩ ለኢሳይያስ መጽሐፍ አዋለው። ድምፁንም ከፍ አድርጎ ያነብብ ስለ ነበር ፊልጶስ ሰማውና ቀርቦ አስተዋለለት። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ አንደኛው ንባብ በሥራ መካከል ሊገባ እንደሚችል፥ ሁለተኛውም በሚሰማ ድምፅ ማንበብ እንደሚጠቅም ነው።

ስለዚህ በቤቴ የፈተንኋቸውን አምስት ምክሮች እነሆ።

አንደኛ፤ ንባብን በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር እሰረው። በቤታችን ቡና በየማታው ይፈላል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ ያለው ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ገጽ ይበቃል። በዚያም ጊዜ ተንቀሳቃሽ ስልክህን አርቀህ አኑር፤ ለመጽሐፍ ጊዜ የለንም የምንል ሰዎች ለእርሱ ጊዜ አጥተን አናውቅምና።

ሁለተኛ፤ መጠኑን አሳንስ። ብዙ ገጽ የሚያነብብ ሰው በደከመበት ማታ ይተወዋል፤ አንድ ገጽ የሚያነብብ ግን ለመተው ምክንያት ያጣል።

ሦስተኛ፤ ልጆችን አስወጥተህ ሳይሆን በመካከላቸው ሆነህ አንብብ። ጮክ ብለህ አንብብላቸው፤ ከዚያም ከገጹ መካከል አንዲት ቃል በጣትህ አሳይተህ ጠይቃቸው። ከመጀመሪያው ብቻ የምታስጀምረው ልጅ በቃሉ ሊወጣው ይችላልና።

አራተኛ፤ ያነበብኸውን በቤትህ ቋንቋ መልሰህ ተርክ። በእኛ ክልል ብዙ ልጆች በበርታ፥ በጉሙዝ፥ በሺናሻ፥ በማኦ ወይም በኮሞ ቋንቋ አፋቸውን ይፈታሉ። የአማርኛውን ፊደል ቢያውቁም ትርጉሙ ይሰወርባቸዋል፤ ትርጉሙን ያላገኘ ልጅም ንባብን እንደ ሸክም ይቈጥረዋል። በቤትህ ቋንቋ የታተመ መጽሐፍ ብታገኝ በእርሱ ጀምር።

አምስተኛ፤ መጽሐፍ ባይኖርህ ጻፍ። ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በሚያልፍበት በነቀምት፥ ከ1904 በፈረንጆች አቈጣጠር ጀምሮ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ልጆችን ያስተምሩ ነበር። አስቴር በልጅነቷ በባርነት ተወስዳ ነፃ የወጣች ሴት ናት። ተረትና እንቈቅልሽ፥ ምሳሌና ዘፈን፥ በጠቅላላው 500 ያህል ጻፈች፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 በታተመው በኦሮምኛው የጀማሪዎች መጽሐፍ ገቡ። የሰውን ንግግር በወረቀት ላይ አኑራ ለልጆች ንባብ አደረገችው። አንተም አያት የምትነግረውን ተረት በደብተር ጽፈህ በማግሥቱ ለልጆችህ ብታነብብላቸው፥ የሚያውቁት ታሪክ ነውና ፊደሉ ይቀልላቸዋል።

ነገር ግን አባት የሆንህ አንባቢ ሆይ፥ አንድ ነገር አትርሳ። ከዚያች ማታ በኋላ እኔ በቅንዓት መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ፥ ባለቤቴ ሕፃን አዝላ ገንፎ ታገነፋ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ «እኔስ ፊደል አልቈጠርሁምን?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ሚስቱ ስትደክም አባት ብቻ የሚያነብብበት ቤት ንባብን አልጠበቀም፤ ስንፍናን በመጽሐፍ ሸፈነ እንጂ። አሁን አንድ ማታ እኔ አነብባለሁ፥ እርሷ ታርፋለች፤ በሌላው ማታ ሕፃኑን እኔ እይዛለሁ፥ እርሷ ታነብባለች። የእርሷን ንባብ ልጆች አብልጠው እንደሚወዱት ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

ሕመም ወይም ልቅሶ መጥቶ ሳምንቱ ቢሰበርብህ፥ የቀረውን ገጽ እንደ ዕዳ አትቍጠር። በተመለስህበት ማታ ያችኑ አንዲት ገጽ አንብብ፤ ዕዳ የሚቈጥር ሰው ብዛቱን አይቶ ፈጽሞ ይተዋልና።

ልጄ ዛሬም በረጅም ቃል ላይ ይሰናከላል። ነገር ግን ሲሰናከል ዝም አይልም፤ ጣቱን አኑሮ «ይህ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ያቺን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቅሁት እኔ ነበርሁ፤ አሁን ለታናሽ እኅቱም እርሱ ይጠይቃታል።

ራስን ለመመርመር የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1ኛ፤ ልጄ መጽሐፍ ይዤ ያየኝ መቼ ነው?

2ኛ፤ ልጄ በዓይኑ ማንበቡን ወይስ በቃሉ መያዙን አውቃለሁን?

3ኛ፤ በቤቴ ለማንበብ ዕረፍት ያጣ ማን ነው? ዛሬ ማታ የማን ሸክም በእኔ ላይ ይሁን?