ራዳሩ «ይቅር» የሚለው ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

እንደሚታወቀው የዶፕለርን ውጤት አብዛኞቻችን ለፈተና ሸምድደን ረስተነዋል። እኔ ያስታወስኩት የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ደውሎ «አንተ ፊዚክስ ትማር የለ? ካሜራው ዋሽቶብኛል፣ የአቤቱታ ማመልከቻ ጻፍልኝ» ሲለኝ ነው።

ሹፌር ነው። ዱባይ ውስጥ በአብዛኛው ታፔላው 120 ቢልም ካሜራው የሚቀጣው በሰዓት ከ140 ኪ.ሜ. በላይ ለሄደ ነው። አቡ ዳቢ ግን ይህን የ20 ኪ.ሜ. ጭማሪ ነሐሴ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2018) አስቀርታ፣ በምትኩ የታፔላዎቹን ቁጥር ከፍ አድርጋለች። የአክስቴ ልጅ የዱባይን ልማድ ይዞ ድንበሩን ተሻገረ። ታፔላው 140፣ እሱ 152። ቅጣቱ 300 ድርሃም! መኪናው የመሥሪያ ቤት ስለሆነ ከደመወዙ ይቆረጣል፤ ለአክስቴ በየወሩ የሚልከው ጎደለ ማለት ነው።

እኔም ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ «ግድ የለም፣ የአንግል ስህተት አለ ብለን እንከራከራለን» አልኩት። ከዚያ ወረቀት አወጣሁ።

የራዳሩ ሞገድ ከመኪናው ነጥሮ ሲመለስ ፍሪኩዌንሲው ይቀየራል። በ24.15 ጊጋ ኸርዝ ለሚሠራ ራዳር 152 ኪ.ሜ. በሰዓት ማለት የ6,800 ኸርዝ ገደማ ለውጥ ነው። ራዳሩ መኪናውን በአንግል ካየው ደግሞ የሚለካው ፍጥነቱ በአንግሉ ኮሳይን ተባዝቶ ነው። ኮሳይን መቼም ከ1 አይበልጥም! አንግሉ 20 ዲግሪ ሆኖ በስሌቱ ባይታረም 152 የነበረው 143 ሆኖ ይነበባል። እኔ የተመካሁበት ስህተት ለካስ ሹፌሩን የሚጠቅም ነው። እንዲያ ብለን ብናመለክት «ከ152ም በላይ ነበርኩ» ብሎ መፈረም ነበር።

የመኪናው ጌጅም አላዳነንም። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 መሠረት ጌጅ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ማሳየት አይፈቀድለትም፤ እስከ 10 በመቶና 4 ኪ.ሜ. አብልጦ ማሳየት ግን ይችላል። እሱ ራሱ «ጌጁማ 160 ይል ነበር» ብሎ አመለጠው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንደምናደባልቅ ገባኝ። ጀርመኖች ከተለካው ፍጥነት ላይ እስከ 100 ድረስ 3 ኪ.ሜ.፣ ከዚያ በላይ 3 በመቶ ይቀንሳሉ። ይሄ የመሣሪያው የልኬት ስህተት ነው፣ ላብራቶሪ ሪፖርት ላይ የምንጽፈው ዓይነት። በዚያ ሕግ እንኳ 152 ወደ 147 ቢወርድ ከ140 አያድንም። የዱባይ 20 ግን የልኬት ስህተት አይደለም፣ የአስተዳደር ውሳኔ ነው፤ 20 ኪ.ሜ. የሚሳሳት ራዳር ቢኖር ማን ይገዛዋል?

በበኩሌ የአቡ ዳቢው አሠራር ግልጽ ይመስለኛል፣ ታፔላውም ካሜራውም አንድ ቁጥር ይናገራሉ። ሆኖም በአንዱ መንገድ ላይ ሕጉ መሃል ላይ ሲለወጥ ሹፌሩ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ማመልከቻው አልተጻፈም። ለአክስቴ ደውዬ ገንዘቡ ለምን እንዳነሰ ያስረዳሁት እኔ ነኝ።