የሃይማኖት ነፃነት ለማን ነው?
ከሜሪላንድ ታሪክ የምንማረው



ስለ ሃይማኖት ነፃነት ሲነሣ አብዛኞቻችን በቅድሚያ የምናስበው ለራሳችን የሚገባንን መብት ነው። ይኸው መብት ከእኛ ለሚለየው ሰውም የሚገባ መሆኑን መቀበል ግን ይከብደናል። በዚህ ትምህርታችን እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች አሜሪካ ነፃ ከመውጣቷ በፊት ይህን ጥያቄ እንዴት እንደ ተጋፈጡት በሜሪላንድ ምሳሌነት እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. አመሠራረቷ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር ቅዳሴ ማስቀደስ በሕግ የተከለከለ ነበር። የንጉሡ ባለሟል የነበረው ጆርጅ ካልቨርት በ1625 ካቶሊካዊነቱን በገለጠ ጊዜ ሹመቱን ለቀቀ። እርሱ ባረፈበት ዓመት፣ በ1632፣ ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ የሜሪላንድን ግዛት ለልጁ ለሴሲል ካልቨርት ሰጠ። በማርች 25 ቀን 1634፣ በብሥራት በዓል፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ አንድሩ ዋይት በቅዱስ ቀሌምንጦስ ደሴት መሥዋዕተ ቅዳሴ አሳረጉ። ይሁን እንጂ ከሰፋሪዎቹ የሚበዙት ፕሮቴስታንቶች ስለ ነበሩ፣ ሴሲል ካቶሊካውያን አምልኮአቸውን በጸጥታ እንዲፈጽሙና በሃይማኖት ክርክር እንዳይገቡ አስቀድሞ አዝዞ ነበር።

2. የ1649 ሕግ

በእንግሊዝ የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ወደ ሜሪላንድም ደረሰ። በ1645 የታጠቁ ሰዎች ግዛቲቱን ዘረፉ፤ አባ ዋይትም በሰንሰለት ታስረው ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ። ሴሲል ግን በቀልን አልመረጠም። በ1648 ፕሮቴስታንቱን ዊልያም ስቶንን አገረ ገዥ አድርጎ ሾመ፤ በቨርጂኒያ ችግር የገጠማቸው ፒዩሪታን የተባሉት ፕሮቴስታንቶችም በግዛቱ እንዲሰፍሩ ፈቀደ።

በኤፕሪል 21 ቀን 1649 የግዛቲቱ ሸንጎ በኢየሱስ ክርስቶስ የሚያምን ማንም ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት እንዳይታወክ ደነገገ። የሌላውን እምነት በስድብ ስም የሚጠራም መቀጮ እንዲከፍል ወሰነ። ሕጉ ግን ጉድለት ነበረው። ቅድስት ሥላሴን የሚክድ በሞት እንዲቀጣ ያዝዝ ነበር፤ በ1658 ያዕቆብ ሉምብሮዞ የተባለ አይሁዳዊ ሐኪም በዚሁ ተከስሶ የዳነው በምሕረት አዋጅ ነው። ይኸው ሸንጎ በ1664 ጥቁሮችን ዕድሜ ልካቸውን ባሪያዎች የሚያደርግ ሕግ ማውጣቱንም ልንሸሽገው አይገባንም።

3. የሕጉ መሻር

በ1654 ሥልጣኑን የያዙት ራሳቸው መጠጊያ ያገኙት ፒዩሪታኖች ነበሩ። ሕጉን ሽረው ለካቶሊካውያን ጥበቃ ነሱ፤ በ1655ም በሰቨርን ወንዝ አጠገብ ደም ፈሰሰ። በስምምነት ሕጉ ቢመለስም፣ በ1689 የካልቨርቶች መንግሥት በዐመፅ ወደቀ። ከዚያ በኋላ በ1704 ቅዳሴ በአደባባይ ተከለከለ፤ በ1718 ካቶሊካውያን የመምረጥ መብታቸውን ተገፈፉ። ምእመናን በየመኖሪያ ቤቱ በተሠሩ ትንንሽ ጸሎት ቤቶች እየተሰበሰቡ እምነታቸውን ጠበቁ።

4. ምን እንማራለን?

ሕጉ በቀላሉ የወደቀው ለምንድን ነው? አንደኛ፣ ነፃነቱ የአንድ ቤተ ሰብ በጎ ፈቃድ እንጂ የሁሉም የጋራ እምነት ስላልነበረ ነው፤ ሰጪው ሲወድቅ ስጦታውም ወደቀ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ወገን የሌላውን እምነት እንደ መንግሥት ጠላትነት ይቆጥር ስለ ነበር ነው። ስለዚህ ተጨቁኖ የነበረው ሥልጣን ሲይዝ ጨቋኝ ሆነ።

በ1776 በግዛቱ ሕግ የመምረጥ መብት ያልነበረው ቻርልስ ካሮል የነፃነቱን ሰነድ ከፈረሙት መካከል ብቸኛው ካቶሊካዊ ሆነ። በ1789ም ጆን ካሮል የባልቲሞር ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በዲሴምበር 7 ቀን 1965 ባወጣው ስለ ሃይማኖት ነፃነት በሚናገረው ሰነድ፣ ይህ መብት በሰው ልጅ ክብር ላይ የተመሠረተ መሆኑን አስተማረን። እንግዲህ ነፃነት ገዥ ሲወድ የሚሰጠው፣ ሲከፋው የሚነሣው ችሮታ አይደለም። ጌታችንም በስንዴውና በእንክርዳዱ ምሳሌ ከመከሩ በፊት ለመንቀል እንዳንቸኩል ያስተምረናል።

ለውይይት

ሀ. ፒዩሪታኖቹ የተቀበሉትን ነፃነት ለሌላው የነሱት ለምን ይመስላችኋል?
ለ. እኛ በብዛት በምንገኝበት ስፍራ በቁጥር ያነሱትን እንዴት እንይዛለን?
ሐ. በእምነት የሚለየንን ጎረቤት የምንጠራበት ስም እርሱ ቢሰማው ያፍርበታልን ወይስ ይከበርበታል?