ከኮምቦልቻ እስከ አሶሳ፦ የበረራ ርቀትና የጉዞ ጊዜ አቆጣጠር

በድርቅ የተጎዳ ሕዝብን በአየር ለማጓጓዝ ዕቅድ በሚወጣበት ጊዜ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ የበረራው ጊዜ ስንት ነው የሚል ነው። መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት ማካፈል ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ስሌት ላይ ብቻ የቆመ ዕቅድ ሰውን ለጉዳት ይዳርጋል።

ለምሳሌ ኮምቦልቻንና አሶሳን እንውሰድ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እንዲሠፍር ከተደረገው 600,000 ያህል ሕዝብ አብዛኛው የወሎ ሰው ሲሆን፣ በያኔው ወለጋ ክፍለ ሀገር የነበረው አሶሳም ከዋና ዋናዎቹ የሠፈራ ቦታዎች አንዱ ነበር። የሁለቱ ማረፊያዎች ቀጥታ ርቀት 573 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በባሕር ማይል ሲሰላም 310 ገደማ ነው። በአዲስ አበባ በኩል የሚበር መንገደኛ ግን መጀመሪያ 253፣ ቀጥሎ 477፣ በድምሩ 730 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚያው በኩል በመኪና የሚሄድ ደግሞ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠብቀዋል።

በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ቀጥታውን መስመር በ57 ደቂቃ ይጨርሳል። ለመንደርደር፣ ከፍታ ለመያዝና ለመውረድ 20 ደቂቃ ያህል ይጨመርበታል። በወረቀት ላይ ያለው ጊዜ ይኸው ነው።

መሬቱ ግን ሜዳ አይደለም። መስመሩ የወሎን ደጋ አልፎ፣ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጮቄ ተራራ አካባቢ ያልፋል። በተራራማ አገር ከመሬቱ በላይ 600 ሜትር ያህል መጠበቂያ ስለሚያስፈልግ አውሮፕላኑ ከ4,700 ሜትር በታች ሊበር አይገባውም። ከዚያን ጊዜ አጓጓዦች አንዱ የነበረው የሶቪየት ሥሪት አንቶኖቭ 12 ደግሞ የጭነት ክፍሉ የአየር ግፊት መጠበቂያ የለውም። ለስንዴ ከረጢት ይህ ምንም አይደለም፤ በረሀብ ለተዳከመ ሽማግሌ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ግን አንድ ሰዓቱ ረጅም ነው። እንግዲህ መስመር ሲመረጥ ከኪሎ ሜትሩ ጋር ከፍታውም መታየት ይኖርበታል።

የኮምቦልቻ ማረፊያ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 1,860 ሜትር ያህል ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። በመሆኑም አውሮፕላኑ ረፋዱ ላይ የሚያነሣው ሸክም ማለዳ ከሚያነሣው ያነሰ ነው። ለሁሉም ይበቃል የተባለው ቦታ እኩለ ቀን ላይ ሳይበቃ ሊቀር ይችላል። አባት ተሳፍሮ እናት የምትቀረው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው። ቤተሰቦች መለያየታቸው በ1977ቱ ሠፈራ ከደረሱት ጉዳቶች አንዱ ነበር፤ ያን ጊዜ የተለያየውን ደግሞ ለማገናኘት ዓመታት ፈጅቷል።

ደሴ የራሷ ማረፊያ የላትም፤ ኮምቦልቻ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ቁልቁለት መውረድ ያስፈልጋል። ከደጋው ቀበሌ በእግር ደሴ የሚደርስ ገበሬ አዳሩን እዚያ ካላደረገ ለማለዳው በረራ አይደርስም። በሌላው ጫፍም አሶሳ ከወረደ በኋላ መጠለያው እስኪደርስ ገና የመኪና ጉዞ አለው። የአንድ ሰዓት ከሩቡ በረራ በዚህ አቆጣጠር የሁለት ቀን ጉዞ ይሆናል፤ ምግቡ፣ ውኃውና የጤና ባለሙያው መመደብ ያለባቸውም ለሁለቱ ቀን ነው። ወባ እምብዛም ከማይደርስበት ደጋ የመጣው ሰው ወባ ያለበት ቆላ የሚገባው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ አጎበሩ መድረስ ያለበት ከተሳፋሪው በፊት በሚነሣው በረራ ነው።