ከጎዳና ሲወጣ፦ በደብረ ታቦር ዙሪያ የባለሁለት ዲፍረንሻል ተሽከርካሪ አነዳድ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፣ ቻይናውያን በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. የሠሩት መንገድ የደቡብ ጎንደር ዋነኛ የእርዳታ መተላለፊያ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በድርቅ የሚጠቃው ገበሬ በአብዛኛው የሚኖረው በጎዳናው ዳር ሳይሆን፣ ከዚያ ተገንጥሎ በሚወርደው የገደልና የወንዝ አገር ነው። በ1977 ዓ.ም. በእብናት የእርዳታ ጣቢያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የተሰበሰበበት አንዱ ምክንያት፣ እህሉ ወደ መንደሩ ሊደርስ ባለመቻሉ መንደሩ ወደ እህሉ መጓዙ ነበር። ስለዚህ አነዳድ የሾፌሩ ብቻ ጉዳይ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ተሽከርካሪው አራቱንም ጎማ ማንቀሳቀሱ ብዙዎችን ያሳስታል። አራቱም ጎማ መዞሩ መሬት መቆንጠጥን ይጨምራል እንጂ መንገድ አይሠራም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራውን፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መድፉ የሚንቀሳቀሰው መንገዱ አስቀድሞ ተቆፍሮና ድንጋዩ ተፈንቅሎ ነበር። የዛሬም ሾፌር አጠራጣሪ ቦታ ሲደርስ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወርዶ በእግሩ መሄድ ነው።

በፎገራ ሜዳ አስቸጋሪው ዋልካው ነው። ጥቁሩ አፈር ዝናብ ሲነካው በጎማው ጥርስ ውስጥ ይሞላና ጎማውን እንደ ሳሙና ያንሸራትተዋል። የፊት ዲፍረንሻል መግባት ያለበት ጭቃው ከመጀመሩ በፊት እንጂ ከተያዙ በኋላ አይደለም። የጎማ ነፋስ መቀነስ በዋልካ ላይ ይረዳል፤ ወደ ጉና ግርጌ ድንጋያማ ቦታ ሲወጡ ግን ድንጋዩ የጎማውን ጎን ስለሚቀድ ነፋሱን መመለስ ግድ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፀሐይ እስክታጠነክረው መጠበቅ ነው።

ርብና ጉማራም ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። ከሰዓት በኋላ በደጋው የጣለ ዝናብ፣ ሰማዩ ጠርቶ በሚታይበት ቆላ ድንገት ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ጠዋት የተሻገሩት መልካ ማታ መመለሻ ላይሆን ይችላል። በትር ይዞ በእግር ያልተፈተነ ውኃ በመኪና አይገባበትም፤ ሰው ተረጋግቶ ሊቆምበት ካልቻለ መኪናም አይችለውም። ከተሻገሩ በኋላ ፍሬኑ እስኪደርቅ ድረስ ቀስ እያሉ ፍሬን መያዝ ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ቁልቁለቱ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ጉና ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ ዳገቱ ራሱ ሾፌሩን ያስጠነቅቀዋል። ቁልቁለት ግን አያስጠነቅቅም። መውረድ የሚገባው ገና ከአፋፉ በከባድ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ሳይረግጡ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ በማድረግ ነው። ፍሬን ላይ ብቻ የተማመነ ሾፌር ፍሬኑ ሲግል ምንም አይቀረውም። ተዳፋትን በአግድም መቁረጥ መገልበጥን ያስከትላል። ዳገት ላይ ሞተር ቢጠፋም ለመዞር መሞከር አይገባም፤ ፍሬን ይዞ፣ የኋላ ማርሽ አስገብቶ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ በመጡበት ዱካ መመለስ ነው። አውራ ጣት ከመሪው ውስጥ መውጣት አለበት፤ ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው ጣት ሊሰብር ይችላልና።

ከጣራ ላይ የሚጫን ኩንታል መኪናውን ለመገልበጥ ያመቻቻል። ከጭነቱ በላይ ሰው መጫን ደግሞ፣ ልመናው ምንም ያህል አንጀት ቢበላ፣ መፈቀድ የለበትም።

ለኃላፊዎች የሚቀርበው ማሳሰቢያ አጭር ነው። ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠው ባለሥልጣን «ዛሬ መድረስ አለብን» ሲል፣ ሾፌሩ የሚያውቀውን አደጋ ላለመናገር ይገደዳል። «አይታለፍም» የሚለው ቃል የሾፌሩ እንዲሆንና በዚህም እንዳይጠየቅ ከመነሣት በፊት መወሰን ይገባል። የተገለበጠ መኪና ያንን ቀበሌ ለአንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ለሳምንታት ያለ እህል ሊያስቀረው ይችላል። መኪናው ከሚቆምበት ወዲያ ያለው ጉዞ የአህያና የበቅሎ ስለሆነ፣ የጭነት ከብት ኪራይ በእያንዳንዱ የክረምት ጉዞ ሒሳብ ውስጥ አስቀድሞ መያዝ ይኖርበታል።