«መስት ሃቭ» ስንል ማስረጃችን የት አለ?
ያለፈን ነገር በእንግሊዝኛ ስለመገመት

በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ርዕስ የተማርኩትን ላካፍላችሁ ነው። «ደግሞ ግራመር!» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት። ርዕሱን የመረጥኩት ፈተና ላይ ስለሚመጣ ሳይሆን ባለፈው ሴሚስተር በእሱ ምክንያት ሰው ስለጎዳሁ ነው። የእንግሊዝኛውን ቃላት በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ጮክ ብላችሁ ብታነቧቸው ይበልጥ ይገባሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው

በእንግሊዝኛ በምናዘጋጀው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ አጫጭር ዜና የመጻፍ ተራ ደርሶኝ ነበር። በዚያ ሳምንት ከንባብ ክፍሉ የአንዲት ተማሪ ሞባይል ጠፋ። መብራት ሄዶ ስለነበር ተማሪው ተጋፍቶ ነው የወጣው። መጨረሻ ላይ ክፍሉን ቆልፎ የሄደው ቁልፍ የሚይዘው የክፍላችን ልጅ ነበር። እኔ በልቤ «ምናልባት እሱ አንስቶት ይሆናል» እያልኩ ወረቀቱ ላይ ግን «ዘ ስቱደንት ሁ ሎክድ ዘ ሩም መስት ሃቭ ቴክን ኢት» ብዬ ጻፍኩ። ስሙን አልጠቀስኩም። ነገር ግን ክፍሉን የሚቆልፈው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ስም መጥቀስም አላስፈለገም።

በአራተኛው ቀን ሞባይሉ ተገኘ። ለካ የባለቤቷ ጓደኛ ቻርጅ ላድርግላት ብላ አንስታው፣ በዚያው ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳ ኖሯል። በእነዚያ አራት ቀናት ልጁ ቁልፉን መልሷል፤ ምሳም ብቻውን ነበር የሚበላው። ይቅርታ ልጠይቀው ስሄድ «እንግሊዝኛው 'በእርግጥ ወስዷል' ነው የሚለው፤ ሁሉም አንብቦ ገብቶታል» አለኝ። «እኔ እኮ 'ወስዶት ሊሆን ይችላል' ለማለት ነው» አልኩት። «ታዲያ ለምን እንደሱ አልጻፍሽም?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም።

እውነቱን ለመናገር «መስት ሃቭ»ን የመረጥኩት ሃንድአውታችን ላይ ከ«ማይት ሃቭ» ጋር «ግምት» በሚል አንድ ርዕስ ሥር ተደርድሮ ስላየሁት ነው። ሁሉም ግምት ከሆነ የትኛውንም ብጠቀም ምን ችግር አለው ብዬ ነበር። ይህን የሰሙት የእንግሊዝኛ መምህራችን አልተቆጡኝም። «ሰፈርሽ ቁስቋም አይደል? ቅዳሜ ግቢው ድረስ ሂጂና ስለ ፍርስራሹ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ከእያንዳንዱ ሥር ምን አይተሽ ወይም ምን አንብበሽ እንዲህ እንዳልሽ አስቀምጪ» አሉኝ። የሚከተለው ከዚያ ቅዳሜ ደብተሬ የወጣ ነው።

በመጀመሪያ የምናውቀውን

ቁስቋም ከመሀል ጎንደር በስተሰሜን ምዕራብ፣ ደብረ ፀሐይ በሚባለው ከፍታ ላይ ነው። ስሙ እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ካረፈችበት፣ በግብፅ ካለው ቁስቋም የተወሰደ ሲሆን በዓሉ ኅዳር 6 ቀን ይከበራል። ዐፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ባለቤታቸው እቴጌ ምንትዋብ ከሕፃን ልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ ጭነው አገር አስተዳደሩ። ቤተ ክርስቲያኑንና አጠገቡ ያለውን ቤተ መንግሥት ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ቁስቋምም አብሮ ተመዝግቧል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ትምህርት አለ። የታወቀን ነገር ስንጽፍ ሞዳል አያስፈልግም። «ምንትዋብ ቢልት ቁስቋም» ነው የምንለው። የእቴጌይቱ የልጅ ልጅ ዐፄ ኢዮአስ እ.ኤ.አ. በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገድለዋል፤ ይህም «ሂ ዎዝ ኪልድ» ነው። የታወቀውን ነገር «ማይት ሃቭ» ብሎ ማለሳለስም ስህተት ነው። ጋዜጠኛ ፈርቶ እንዲህ ሲጽፍ አንባቢው እውነቱ ገና ያልተጣራ ይመስለዋል።

ሦስቱ ደረጃዎች

የሁሉም አሠራር አንድ ነው፦ ሞዳሉ፣ ቀጥሎ «ሃቭ»፣ ቀጥሎ የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ። ባለቤቱ «ሂ»ም ሆነ «ሺ» ቢሆን «ሃዝ» ወይም «ሃድ» አይገባም።

አንደኛ፣ «መስት ሃቭ»። ማስረጃው ወደ አንድ መደምደሚያ ብቻ ሲወስደን የምንጠቀምበት ነው። የግንቡን ውፍረትና ስፋት፣ በግድግዳው ላይ ከቀይ ድንጋይ የተቀረጹትን መስቀሎች አይቼ «ሜኒ ስኪልድ ወርከርስ መስት ሃቭ ወርክድ ሂር» ብዬ ጻፍኩ፤ ብዙ ባለሙያ ሠርቶበት ሳይሆን አይቀርም ማለት ነው። ከሥሩም «ማስረጃ፦ ግንቡ ራሱ» አልኩ። ይህን ያህል ሥራ ያለ ባለሙያ የሚሠራበትን ሌላ መንገድ ባስብ አላገኘሁም። ሌላ መንገድ ካለ «መስት» ይወድቃል።

ሁለተኛ፣ «ሜይ ሃቭ»፣ «ማይት ሃቭ» እና «ኩድ ሃቭ»። ይህ ከብዙ አማራጮች አንዱን ስንጠቁም ነው። ዳግማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1755 ሲሞቱ ተመርዘው ነው የሚል ወሬ ነበር። «ሂ ሜይ ሃቭ ቢን ፖይዝንድ» ብንል ልክ ነን። «መስት ሃቭ» ብንል ግን ወሬን ፍርድ አደረግነው። የቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ለምን የለም ለሚለውም እንዲሁ ነው። ደርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ጎንደርን አቃጥለዋል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ስንት ክረምት አልፏል። እያንዳንዱን የወደቀ ድንጋይ እሳት ይጣለው ዝናብ በዓይን ብቻ መለየት ስለማይቻል «ማይት ሃቭ» ይበቃል።

ሦስተኛ፣ «ካንት ሃቭ»። ሊሆን አይችልም ስንል ነው። እንግዶች ወደ ሰፈራችን ሲመጡ ያዩትን ግንብ ሁሉ «የፋሲል ግንብ» ይሉታል። ዐፄ ፋሲለደስ ግን የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1667፣ ምንትዋብ ዘውድ ከመጫናቸው ከ60 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ «ፋሲለደስ ካንት ሃቭ ቢልት ቁስቋም»። ልብ በሉ፣ የ«መስት ሃቭ» ተቃራኒ «መስትንት ሃቭ» ሳይሆን «ካንት ሃቭ» ወይም «ኩድንት ሃቭ» ነው። ይህ ሊያስገርመን አይገባም። በእኛም ቋንቋ የ«ሳይሆን አይቀርም» ተቃራኒ «ሳይሆን ይቀራል» አይደለም፤ «ሊሆን አይችልም» ነው።

አማርኛችን የሚያሳስተን የት ላይ ነው?

አማርኛ በግምት ቃላት ድሃ አይደለም። አያቴ ጠዋት በሩን ከፍታ ቦዩ ሲወርድ ስታይ «ውይ፣ ሌሊት ዘንቦ ኖሯል!» ትላለች። ተኝታ ስለነበር ዝናቡን አላየችም፤ ያየችው ውኃውን ነው። ያ «ኖሯል» በእንግሊዝኛ ሲነገር «ኢት መስት ሃቭ ሬይንድ» ይሆናል። ችግሩ ቃል በቃል ስንተረጉም ነው። ሦስት ቦታ ላይ በተለይ እንሳሳታለን።

ሀ) «አለበት»። «መዝጋት አለበት» ስንል ግዴታው ነው፤ «ዘግቶት መሆን አለበት» ስንል ግምታችን ነው። የእንግሊዝኛው «መስት»ም ሁለቱንም ይይዛል። ያለፈ ጊዜ ላይ ግን ይለያያሉ፦ ግዴታው «ሂ ሃድ ቱ ክሎዝ ኢት»፣ ግምቱ «ሂ መስት ሃቭ ክሎዝድ ኢት» ይሆናል።

ለ) «ነበረበት»። «ሐኪም ቤት መሄድ ነበረበት» ስንል ሄዷል ወይስ አልሄደም? በአማርኛ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ግድ ሆኖበት ከሄደ «ሂ ሃድ ቱ ጎ»፣ መሄድ ሲገባው ከቀረ «ሂ ሹድ ሃቭ ጎን» ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በምንጽፍበት ዜና ይህን ማምታታት ሰው ያስከስሳል።

ሐ) «ኩድ ሃቭ»። ይኼኛው ራሱ እንግሊዝኛው ሁለት ትርጉም አለው። «ሂ ኩድ ሃቭ ዳይድ» ማለት «ሊሞት ይችል ነበር፣ ግን ተረፈ» ሊሆን ይችላል፤ «ሞቶ ሊሆን ይችላል፣ አናውቅም»ም ሊሆን ይችላል። «ማይት ሃቭ»ም እንደዚሁ ነው። «ሜይ ሃቭ ዳይድ» ግን በተለመደው አጻጻፍ የሚለው «አናውቅም»ን ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውየው መትረፉ ከታወቀ «ሜይ ሃቭ» አንጽፍም፤ ገና ካልታወቀ ደግሞ «ሜይ ሃቭ» ይሻላል። በመንገድ ላይ ያለ ልጁን የሚጠብቅ ወላጅ ያንን ዜና ሊያነበው እንደሚችል ማሰብ ነው።

በነገራችን ላይ «ኩድ ሃቭ» በፍጥነት ሲነገር «ኩደቭ» ስለሚመስል «ኩድ ኦፍ» ብለው የሚጽፉ አሉ። እንግሊዞቹ ራሳቸውም ይሳሳቱበታል፤ እኛ ግን አንከተላቸው።

የጀምስ ብሩስ ጉዳይ

«መስት ሃቭ» ብቻ ሰው የሚጎዳ እንዳይመስላችሁ፣ «ካንት ሃቭ»ም ይጎዳል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ። በዚያን ጊዜ ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር ቁስቋም ግቢ ውስጥ የታመሙ የመኳንንት ልጆችን አከመ፤ ከእቴጌ ምንትዋብም ጋር ተዋወቀ። ስለዳነ አንድ ልጅ ብንጽፍ «ሂ ኩድ ሃቭ ዳይድ» እንላለን፤ ሊሞት ይችል ነበር፣ ግን ዳነ።

ብሩስ አገሩ ተመልሶ ያየውን ሲያወራ ለንደን ውስጥ ብዙዎች አላመኑትም። ይህን ሊያይ አይችልም፣ ፈጥሮት ነው አሉ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1790 በአምስት ጥራዝ ቢወጣም ጥርጣሬው አልቀረም። ከእሱ በኋላ የመጡ ተጓዦች ግን ከጻፈው ብዙውን እውነት ሆኖ አገኙት። የሚገርመው፣ ብሩስ ራሱ የዓባይን ምንጭ እኔ ነኝ ቀድሜ ያየሁት ለማለት ሲል ጳጉሜ የማታክል ዕድል እንኳ ለሌላ አልሰጠም። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽ ደርሶ ምንጩን አይቷል፤ ብሩስ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው። ብሩስ ግን የፓኤዝን ጽሑፍ አልተቀበለም። ለንደኖች በእሱ ላይ ያሉትን እሱም በፓኤዝ ላይ አለ ማለት ነው። «አላመንኩም» እና «ሊሆን አይችልም» አንድ አይደሉም። ለሁለተኛው እንደ ፋሲለደስ የሞት ዓመት ያለ ጠንካራ ማስረጃ ያስፈልጋል።

«ይባላል» የሚባለውስ?

ቁስቋም ውስጥ በመስታወት ሣጥን የሚታዩ አጽሞች የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ናቸው ይባላል። ደብረ ብርሃን ሥላሴም በደርቡሾች ጊዜ ከቃጠሎ የተረፈው ንቦች ተነሥተው ጠላትን ስላባረሩ ነው ይባላል። እነዚህን በ«መስት ሃቭ»ም በ«ማይት ሃቭ»ም መጻፍ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ግምቱ የእኔ አይደለም። ሰው የነገረኝን «አኮርዲንግ ቱ» ወይም «ኢት ኢዝ ሴድ ዛት» ብዬ ለተናገረው ሰው መስጠት ነው ያለብኝ። የሰውን ወሬ የራስን ግምት አስመስሎ ማቅረብ በእኛ ሙያ ትልቅ ጥፋት ነው።

እስቲ ሞክሩት

መልሱን ሳታዩ በእንግሊዝኛ ጻፏቸው።

1. አውቶቡሱ ገደል አፋፍ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ማንም አልተጎዳም። ሰዎች ሊሞቱ ይችሉ ነበር።
2. ዘበኛው በሩን ሳይቆልፍ ሄደ። መቆለፍ ነበረበት።
3. ኃላፊው በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ ሆነው በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲናገሩ ታይተዋል። ጎንደር ነበሩ የሚል ሰው ግን አለ።
4. በኅዳር ጠዋት ሳሩ ርጥብ ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል። ዘንቦ ይሆን?

መልስ፦ 1. «ፒፕል ኩድ ሃቭ ዳይድ» («ሜይ ሃቭ» አይሆንም)። 2. «ሂ ሹድ ሃቭ ሎክድ ኢት»። 3. «ሂ ካንት ሃቭ ቢን ኢን ጎንደር»። 4. «ኢት ማይት ሃቭ ሬይንድ»። አራተኛውን «መስት ሃቭ» ያላችሁ ካላችሁ፣ ጤዛን ረስታችኋል። እኔም የሞባይሉን ዜና ስጽፍ የረሳሁት እንዲህ ያለውን ሌላ አማራጭ ነበር።

በመጨረሻም፣ የልጁ ታሪክ በዚህ መልክ እንዲወጣ የተስማማው ራሱ ነው። የንባብ ክፍሉን ቁልፍም መልሶ ይዟል። ጽሑፉን ከማስገባቴ በፊት ሰጥቼው ሲያነብ፣ ረቂቁ ላይ «ይቅር ሳይለኝ አልቀረም» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘ። ሳቀና «ማስረጃሽ ምንድን ነው?» አለኝ። ዓረፍተ ነገሩን አወጣሁት።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃኝ። አስተያየት ያላችሁ በአካል ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ቸር እንሰንብት!