ስምና ቅጽልን ለይቶ መጻፍ፤ ለሐረር ነጋዴዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት

ከውጭ አገር ገዢ ጋር የሚጻጻፍ ነጋዴ፣ ዕቃው ከመመዘኑ አስቀድሞ ደብዳቤው ይመዘናል። ገዢው ቡናውን ወይም ጨርቁን በዓይኑ ከማየቱ በፊት የሚያገኘው ስሙንና መግለጫውን ነውና። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ቋንቋ አንዱን ቃል በዘመዱ ቃል ለውጦ መጻፍ የሰዋስው ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ዋጋን ያሳንሳል፣ አንዳንድ ጊዜም ሻጭንና ገዢን ያጣላል። በዛሬው ትምህርታችን ስምንና ከስም የወጣውን ቅጽል እንዴት ለይተን እንደምንጽፍ፣ ከከተማችን ገበያ ምሳሌ እየወሰድን እንመለከታለን።

ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «የወርቅ ቀለበት» ስንል ከወርቅ የተሠራ ማለታችን ነው፤ «ወርቃማ ቀለበት» ስንል ግን መልኩ ወርቅ የሚመስል፣ ምናልባትም ናስ የሆነ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛም ይህንኑ ልዩነት ይጠብቃል። የእኛን «የ» የሚተካ ፊደል ሳያስፈልገው ስሙን ከስም ፊት አስቀምጦ «ጎልድ ሪንግ» ይላል፤ ይህም የወርቅ ቀለበት ነው። «ጎልደን» የሚለው ቅጽል ግን በንግድ ጽሕፈት ይበልጡን የሚያገለግለው ለቀለም ነው።

፩ኛ፤ የተሠራበትና የሚመስለው። በጁገል ውስጥ የሐር ሻሽ የሚሸጥ ነጋዴ «ሲልክ ስካርፍ» ብሎ መጻፍ ይገባዋል። «ሲልኪ ስካርፍ» ብሎ ከጻፈ ግን ገዢው «እንደ ሐር የሚለሰልስ» ብሎ ይረዳዋል፤ ሐር ነው ብሎም አይገምትም። እንዲህ ያለው ነጋዴ እውነተኛ ሐር ይዞ የአርቴፊሻል ዋጋ ይቀበላል። ሐር ያልሆነውን «ሲልክ» ብሎ የሚጽፍ ደግሞ ሳያስበው አታላይ ይባላል።

፪ኛ፤ በ«ኤን» የሚያልቁና በ«ዋይ» የሚያልቁ። አንዳንድ ቃላት ሁለት ቅጽል አላቸው። ከእንጨት የተሠራ ሣጥን «ዉድን ቦክስ» ነው፤ «ዉዲ» ግን የእንጨት ጣዕም ወይም ሽታ ያለው ማለት ነው። ከሸክላ የተሠራ ጀበና «ኧርዘን ፖት» ይባላል፤ «ኧርዚ» ግን አፈር አፈር የሚል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ቡና ላኪን በብርቱ ይመለከተዋል። የቡና ቀማሾች «ዉዲ» የሚሉት በመጋዘን ብዙ ቆይቶ ጣዕሙ የደረቀውን አሮጌ ቡና ነው። «ኧርዚ» የሚሉትም የአፈር ጣዕም ያለውን ቡና ሲሆን፣ በባዶ መሬት ላይ ተሰጥቶ የደረቀ ቡና ይህን ጠባይ ሊይዝ ይችላል። እንግዲህ ናሙናውን በእንጨት ሣጥን የላከ ሰው «ዉዲ» ብሎ ቢጽፍ፣ ሣጥኑን አመሰግናለሁ ብሎ ቡናውን ነቀፈ ማለት ነው። በአንጻሩ ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቀው የሐረር ቡና በቀማሾች ዘንድ «ዋይኒ» እየተባለ ይመሰገናል፤ የወይን ጠጅ የሚያስታውስ ጣዕም አለው ማለት ነው። ይህን «ዋይን ኮፊ» ብሎ የጻፈ ግን ወይን ጠጅ የተቀላቀለበት ቡና የሚሸጥ ያስመስለዋል።

፫ኛ፤ ስም እንደ ቅጽል ሲያገለግል አይበዛም። ባለ 60 ኪሎ ጆንያ «ስክስቲ ኪሎ ባግ» ነው እንጂ «ስክስቲ ኪሎስ ባግ» አይባልም። ጆንያው ሲበዛ የብዙ ምልክት የሆነው «ኤስ» የሚጨመረው በ«ባግ» ላይ ብቻ ነው።

፬ኛ፤ የአገር ስምና ከአገር ስም የወጣ ቅጽል። ቡናችን በዓለም ገበያ የሚታወቀው «ሐረር ኮፊ» ተብሎ ነው። «ሐረሪ» የሚለው ቃል የሕዝቡ፣ የቋንቋውና የክልሉ መጠሪያ ነው፤ በዚህ ስም የሚታወቀውን ቡና ግን በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ደጋ ያሉ ገበሬዎች ጭምር ያመርቱታል። ስለዚህ «ሐረሪ ባስኬት» ብሎ የሐረሪ ሴቶች የሚሰፉትን ስፌት መጥራት ትክክል ሲሆን፣ ቡናውን «ሐረሪ ኮፊ» ማለት የታወቀውን ስም ማበላሸት ነው።

የዚህን ቃል ክብደት አንድ ታሪክ ያስረዳል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. «ሐረር»፣ «ሲዳሞ» እና «ይርጋጨፌ» የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ባመለከተ ጊዜ፣ «ሐረር» የሚለው ቃል የራሱ ባለቤት ያለው ስም ነው ወይስ የቡና ዓይነትን ብቻ የሚገልጽ የተለመደ ቃል ነው የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። በሰኔ 1999 ዓ.ም. መንግሥቱና ስታርባክስ የተባለው ኩባንያ ስለ ስሞቹ አጠቃቀም ስምምነት አደረጉ። ስሙን በየደብዳቤው ልዩ ልዩ አድርጎ የሚጽፍ ነጋዴ፣ በብዙ ድካም የተጠበቀውን ሀብት በገዛ እጁ ያደበዝዛል።

፭ኛ፤ በ«ኢክ» እና በ«ኢካል» የሚያልቁ። «ኢኮኖሚክ» የኢኮኖሚ ጉዳይ የሆነውን ይገልጻል፤ «ኢኮኖሚካል» ወጪ የሚቆጥበውን ያመለክታል። «ሂስቶሪክ» በታሪክ ታላቅ ስፍራ ያለው ሲሆን፣ «ሂስቶሪካል» ስለ ታሪክ የሚናገር ወይም ታሪክን የሚመለከት ነው። ዩኔስኮ ጁገልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በቅጥር የተከበበች «ሂስቶሪክ ታውን» አላት። ለጎብኚዎች ማስታወቂያ የሚጽፉ የሆቴል ባለቤቶች ይህንኑ ቃል ይከተሉ።

የድርጅት ስም ግን በሰዋስው ሕግ አይታረምም። አየር መንገዳችን በቅጽሉ «ኢትዮፒያን ኤርላይንስ» ሲባል፣ የምርት ገበያው በስሙ «ኢትዮፒያ ኮሞዲቲ ኤክስቼንጅ» ይባላል። ሁለቱም እንደ ተመዘገቡ ይጻፋሉ።

መልመጃ። ሀ) ነዳጅ የሚቆጥብ የጭነት መኪና «ኢኮኖሚክ» ነው ወይስ «ኢኮኖሚካል»? ለ) የሸክላ ድስት «ኧርዚ» ነው ወይስ «ኧርዘን»? ሐ) ከብር የተሠራ አምባር «ሲልቨር» ይባላል ወይስ «ሲልቨሪ»?

መልስ። ሀ) «ኢኮኖሚካል»፤ ለ) «ኧርዘን»፤ ሐ) «ሲልቨር»፤ «ሲልቨሪ» ብር የሚመስለው ነውና።

አንባቢ ሆይ፤ ከመጻፍህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፤ ዕቃው ከምን ተሠራ? ምን ይመስላል? ከየት መጣ? መልሱን ካወቅህ ትክክለኛው ቃል አይጠፋህም፤ ገዢህም የተጻፈለትንና የተላከለትን አንድ ሆኖ ያገኘዋል።