በመልክ ተመሳሳይ፣ በዘር ባዕድ

ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ በሱሉልታ በኩል ከሚዘራው ባቄላ አንዱን ነቅለን ሥሩን ብናጥበው፣ ጥቃቅን እባጮች እናገኝበታለን። እባጩ በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ ሥራ ላይ ነው፤ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ተክሉ ሊጠቀምበት በሚችል መልክ ያቀርብለታል። ከዚያው ተራራ የሚነሳው የቀበና ወንዝ ደግሞ ከተማ ገብቶ ፍሳሽ ሲቀላቀልበት ኢ ኮላይን ይሸከማል። ይህ ባክቴሪያ የሰውና የእንስሳት አንጀት ነዋሪ ስለሆነ፣ ውሃ ውስጥ መገኘቱ እዳሪ እንደገባበት ይመሰክራል። አንዱ ማሳ ያለማል፣ ሌላው ስለ ብክለት ያስጠነቅቃል። ሆኖም ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ማቅለሚያ ነክረን በማይክሮስኮፕ ብናያቸው፣ ሁለቱም ሮዝ ቀለም ያላቸው ዘንጎች ናቸው። ባክቴሪያን በመልኩ ብቻ መመደብ የማያዛልቀው ለዚህ ነው።

የግራም ዘዴ ግን ከንቱ አይደለም። ሮዝ የሚሆኑት ባክቴሪያዎች ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላላቸው አንዳንድ መድኃኒት ዘልቆ አይገባባቸውም፤ ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒት ሲመርጥ ይህ ውጤት ይረዳዋል። ዝምድናን ለማወቅ ግን ጠለቅ ማለት ያስፈልጋል። አሜሪካውያኑ ካርል ዎስና ጆርጅ ፎክስ በ1977 እ.ኤ.አ. ያነጻጸሩት ፕሮቲን የሚሠራውን የሕዋስ ክፍል፣ የራይቦዞምን አርኤንኤ ነበር። ይህ ክፍል በሕያዋን ሁሉ ውስጥ አለ፤ የሚለወጠውም በጣም በዝግታ ስለሆነ የጥንቱን የዘር ሐረግ ይጠብቃል። ውጤቱ ያልተጠበቀ ሆነ፦ በላም ሆድ ውስጥ እንዳሉት ዓይነት ሚቴን አምራቾች፣ ባክቴሪያ ሲባሉ የኖሩት፣ ራሱን የቻለ ሌላ ወገን ሆነው ተገኙ። ይህ ወገን ዛሬ አርኪያ ይባላል፤ በዳሎል አካባቢ ባሉ ጨዋማ ኩሬዎችም ዘመዶች አሉት።

ባክቴሪያዎች ጂን እየተቀባበሉ የዘር ሐረጉን ያደበላልቁታል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እርግጥ ነው፣ መድኃኒትን የመቋቋም ችሎታ ሳይቀር ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። የራይቦዞም ጂኖች ግን እንዲህ በቀላሉ አይዘዋወሩም፤ ስለዚህ ዋናው ግንድ ይታያል። ስም ብቻ ጠባይን አይነግረንም ለሚልም መልሱ አዎን ነው፤ አብዛኛው ኢ ኮላይ ጉዳት የለውም፣ ጥቂቱ ግን ለሞት ያደርሳል። ይህ ምደባን አያፈርስም፤ ዘሩን ከለየን በኋላ ሥራውንም ለብቻው እንድንጠይቅ ያስገድደናል እንጂ።

በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ከእጽዋት ዘር ጋር ደቂቅ ዘአካላትንም የሚሰበስበው እነዚህ ልዩነቶች ሀብት ስለሆኑ ነው። ባቄላን የሚረዳ ራይዞቢየም ሽምብራን ላይረዳ ይችላል፤ ለይቶ ያላወቀ ገበሬ ጥቅሙን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ «ጀርም» ብለን በጅምላ ከመፍራታችን ወይም ያለ ምርመራ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመዋጣችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ዘሩ ምንድን ነው? እዚህ ቦታ ላይስ ምን እየሠራ ነው?